ለፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ፦ የንባብና የጽሑፍ ሂሳብ በየወሩ እንዴት ይዘጋል

የፍቅር ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያነባልም፣ ይጽፋልም። ችግሩ ሁለቱ አለመገናኘታቸው ነው። ንባቡ ለብቻው ይሄዳል፤ «በዚህ ወር ሦስት መጽሐፍ ጨረስኩ» ይባላል። ጽሑፉም ለብቻው ይሄዳል፤ ምዕራፍ 7 ላይ ከተገተረ ሁለት ወር ሆኖታል። ካነበባቸው ሦስት መጽሐፎች በአንዱ ውስጥ ደግሞ ደራሲው ይህንኑ የምዕራፍ 7ን ችግር ፈትቶታል። አንባቢያችን ግን ያንን ሊያይ አላነበበም።

የወር ሂሳብ መዝጋት የምለው ነገር ሁለቱን ማገናኛ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ በየወሩ መጨረሻ ከጽሑፋችሁ አንድ ጥያቄ ወደ ንባባችሁ ይሂድ፣ ከንባባችሁ አንድ ውሳኔ ወደ ጽሑፋችሁ ይምጣ። የቃል ብዛት፣ የገጽ ብዛት፣ ያለቁ መጽሐፎች ቁጥር አጃቢዎች ናቸው። ግምገማ ሲባል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሂስና ግለ ሂስ ትዝ አይበላችሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለም አንድ ስኒ ቡና ይበቃል።

ቀኑን ምረጡ፣ ደብተሩን አዘጋጁ

የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ይመቻል። 12ቱም ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ ኅዳርን ከየካቲት ጋር ማወዳደር ቀላል ነው፤ «ወሩ አጭር ስለሆነ ነው» የሚባል ሰበብ የለም። በ30ኛው ቀን ማታ ሂሳቡ ይዘጋል። ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀኗን ይዛ ለብቻዋ ትቆማለች፤ እሷን ለዓመቱ እናቆያታለን። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሆናችሁ ኑሯችሁ በፈረንጅ ወር የሚሄድ ከሆነ በዚያው ሂዱ። ብቻ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አትቀላቅሉ።

ቀኖቹ እኩል ይሁኑ እንጂ ወሮቹ እኩል አይደሉም። ጥር የሰርግ ወር ነው። ቅዳሜና እሁዳችሁ የእናንተ አይደለም፤ ሚዜ ካልሆናችሁ ድንኳን ውስጥ ናችሁ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሚያዝያና ግንቦትም ያው ናቸው። በአንጻሩ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም ሰርግ የለበትም፤ ግብዣው ይቀንሳል፣ ማታው ለራስ ይተርፋል። ስለዚህ ወሩ ሲገባ በገጹ አናት ላይ «የመጻፊያ ወር» ወይም «የመልቀሚያ ወር» ብላችሁ ጻፉ። የመልቀሚያ ወር ማለት ብዙ የማይጻፍበት፣ ግን ብዙ የሚታይበትና የሚሰማበት ነው። ለእኛ ዓይነቱ ጸሐፊ ጥር ዋነኛው የመልቀሚያ ወር ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ደብተሩ ተራ ይሁን። ሲገለጥ የግራው ገጽ ለንባብ፣ የቀኙ ለጽሑፍ። ዓይን ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያይ ነው። ስልክ የሚመቸው ሰው በቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ወይም በጉግል ዶክስ ይያዝ። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራች ቁጭ ብላ የምትጽፍበት ሰዓት የሌላት እኅት በድምፅ ቀድታ ለራሷ ብትልከውም ይሠራል። እኔ ደብተር የምመርጠው መብራት ስለማይፈልግና ኖቲፊኬሽን ስለማያመጣ ብቻ ነው።

የግራው ገጽ፦ መጽሐፉን መፍታት

«በጣም ደስ ይላል፣ አልቅሻለሁ» የሚል ማስታወሻ ከወር በኋላ ምንም አይጠቅምም። ምን አስለቀሳችሁ? ስንተኛው ገጽ ላይ? ደራሲው ከዚያ በፊት ምን አዘጋጅቶ ነበር? ይህ ነው የሚፈለገው።

መጀመሪያ መጨረሻውን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘውጉ ሁለት መለኪያ አስቀምጧል። አንደኛ፣ የፍቅር ታሪኩ የመጽሐፉ ማዕከል ይሁን። ሁለተኛ፣ መጨረሻው ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። በዚህ ሚዛን የእኛ ትልቁ የፍቅር መጽሐፍ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ከዘውጉ ውጭ ይሆናል። በዛብህም ሰብለ ወንጌልም ይሞታሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ያደገ ሰው ታላቅ ፍቅር ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት መቃብሩ ነው።

ይህ ለእናንተ ብዙ ትርጉም አለው። የአማርኛ አንባቢ ጥንዶቹ ሲደሰቱ ካየ «አሁን አንዱ ሊሞት ነው» ብሎ ይሰጋል። በደስታ የሚያልቅ ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ይህ ስጋት ነጻ ልብ ሰቀላ ነው፤ ተጠቀሙበት። በኀዘን የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ሞቱ ከታሪኩ የበቀለ መሆን አለበት። ሐዲስ ዘንድ ሁለቱን የሚለያየው የባላባት ልጅነትና የደሃ ልጅነት ነው። ያ ግድግዳ ገና ከጅምሩ እየተገነባ ይመጣል። በብዙ የዛሬ ጽሑፎች ግን ደራሲው መውጫ ሲያጣ የመኪና አደጋ ያመጣል። መኪና ካልተገኘ ካንሰር። ስለዚህ በግራው ገጽ የመጀመሪያው መስመር ይህ ይሁን፦ መጨረሻው ምን ዓይነት ነው? ከታሪኩ ወጣ ወይስ ተለጠፈ?

ቀጥሎ አጥንቱን አውጡ። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፓሜላ ሬጂስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት የፍቅር ልብ ወለድ 8 አላባውያን እንዳሉት ታሳያለች። ጥንዶቹ የሚኖሩበት ማኅበረሰብ ይታያል። ይገናኛሉ። መሰናክል አለ። መሳሳብ አለ። ፍቅራቸውን ይናገራሉ። ሁሉ ነገር ያበቃ የሚመስልበት የጨለማ ጊዜ ይመጣል። መሰናክሉን የሚያነሳ አዲስ ነገር ይገለጥላቸዋል። በመጨረሻም ይታጫጫሉ ወይም ይጣመራሉ። ቅደም ተከተሉ ሊለዋወጥ ይችላል። አንዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያልፍ፣ ሌላው ምዕራፎችን ሊወስድ ይችላል።

አሁን ሥራው እንዲህ ነው። ስምንቱን ወደ ታች ጻፏቸው። በየአንዳንዱ አጠገብ ያ ነገር የሆነበትን የገጽ ቁጥር አስቀምጡ። ከዚያ ለመጽሐፉ ጠቅላላ ገጽ አካፍሉና በ100 አባዙ። የሚወጣው ቁጥር ነገሩ ከመጽሐፉ በስንት መቶኛው ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። ለምሳሌ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ዳርሲ ኤልሳቤጥን ለመጀመሪያ ጊዜ «አግቢኝ» የሚላት ከ61 ምዕራፎች በ34ኛው ነው። ወደ 56 በመቶ ገደማ። እምቢ ትለዋለች። የጋብቻ ጥያቄው መጽሐፉን የሚዘጋ ሳይሆን ሁለተኛውን አጋማሽ የሚያስነሳ ሞተር ነው። ይህን አንዴ በቁጥር ያየ ሰው የራሱን ረቂቅ በሌላ ዓይን ያያል።

የሬጂስ ዝርዝር ግን ለእኛ ታሪክ እንዳለ አይበቃም። እኛ ዘንድ ፍቅር ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይነገራል። አንዴ ሁለቱ ለብቻቸው ይነጋገሩታል፤ ሌላ ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰብ ፊት ይነገራል። ሽማግሌዎቹ ቤት ገብተው ቁጭ በሉ ሲባሉ እንቢ የሚሉበት፣ የልጅቷ አባት ሌላ ቀጠሮ የሚሰጥበት ሰዓት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ።

አንደኛው፦ ቤተሰብ መቼ አወቀ? ሁለተኛው፦ ሽማግሌ መቼ ሄደ?

ሦስተኛው ከሁሉ የምወደው ነው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እና «አንቺ» የተሻገሩት ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? ባንክ ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ቢሮ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ይከባበራሉ። አንዱ አምልጦት «አንቺ» ያለበት ቅጽበት፣ ሌላኛው ሰምቶ ዝም ያለበት ቅጽበት፣ በሌላ ቋንቋ ግማሽ ገጽ የሚፈጅ መቀራረብ ነው። ጎበዝ ደራሲ ያንን ቦታ አያባክነውም። ሰነፉ ደግሞ ገጽ 20 ላይ «እርስዎ»፣ ገጽ 21 ላይ «አንቺ» ብሎ ሳይታወቀው ያልፋል። ማን የት እንዳሻገረ መዝግቡ።

መሰናክሉንም ዘርዘር አድርጉት። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠር ዝምድና፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ገንዘብ፣ የቀድሞ ትዳር፣ ወይስ ቪዛ? በግሌ ዛሬ ላይ ላለ ታሪክ ከቪዛ የተሻለ መሰናክል አላየሁም። አንዱ ዲቪ የደረሰው ጥንድ ክፉ ሰው ሳይኖርበት ይለያያል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ይህን ሁሉ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ አድርጉ፤ በወር አንድ። ሌሎቹ አንዳንድ መስመር ይበቃቸዋል። መጽሐፍ ውድ ነው ለሚል የአዲስ አበባ ሰው ወመዘክር አለ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። የገጽ ቁጥር ለመመዝገብ መጽሐፉ የራስ መሆን የለበትም።

የቀኙ ገጽ፦ ምን ጻፍኩ፣ የት ቆምኩ

ከቁጥሩ እንጀምርና ቶሎ እንለፈው። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ 47 ልብ ወለድ ጽፏል፤ በርካታዎቹን በፖስታ ቤት እየሠራ። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር። በሳምንት የተከፋፈለ መዝገብ ይዞም የየቀኑን ገጽ ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የኖቬምበር ወር የጽሑፍ ዘመቻ ደግሞ፣ አዘጋጁ ድርጅት በ2025 እስኪዘጋ ድረስ፣ በ30 ቀን 50,000 ቃል ይጠይቅ ነበር፤ በቀን 1,667 ገደማ።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ አማርኛ ሲመጡ ያሳስታሉ። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውን፣ አንዳንዴም ምክንያቱን በአንድ ግሥ ይጠቀልላል። ያው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ የቃሉ ቁጥር በደንብ ያንሳል። ፈረንጁ በቀን 1,667 ጻፈ ብላችሁ ከራሳችሁ ጋር አትጣሉ።

የሚሻለው ትዕይንት መቁጠር ነው። ትዕይንት የምለው በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች መካከል የሆነ ነገር የተለወጠበትን ነው። ካልተለወጠ ገለጻ ነው፤ አይቆጠርም። በቀኙ ገጽ ሦስት መስመር ይኑር፦ የተጀመሩ፣ ያለቁ፣ የተጣሉ። የተጣለውም ይመዝገብ። እሱም ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ እንሂድ። በዚህ ወር የት ቆማችሁ? ለምን? ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው።

አንዳንዴ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አታውቁም። ይህ የሴራ ችግር ነው፤ የግራው ገጽ ይረዳዋል።

አንዳንዴ መረጃ ጎድሏችኋል። ገጸ ባሕርያችሁ ሹፌር ነው፤ ወደ ጅቡቲ መውጫው ጋላፊ ድንበር ላይ መኪናው ሲቆም ሰዎቹ የት እንደሚያድሩ አታውቁም። ይህ በአንድ ስልክ ይፈታል። ሹፌር የማያውቅ ሰው በመንደራችሁ የለም፤ ደውሉ።

አንዳንዴ ደግሞ አፍራችኋል። ይህን ማንም በደብተሩ አይጽፈውም። ለዚህ ነው ትንሽ የምቆይበት።

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ናቸው። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንስታ «እናቴ ብታነበውስ?» ትላለች። የንስሐ አባቷ ትዝ ይሏታል። የሰፈሩ ሰው «የራሷ ታሪክ ነው እኮ» ሲል ይሰማታል። ይህ ወንዱንም ይነካዋል፣ ሴቷን ግን በእጥፍ ይከብዳታል። ከዚያ ምን ይሆናል? ገጹ በድንገት የአየር ትንበያ ይሆናል። ነፋሱ ይነፍሳል። ዝናቡ ይጥላል። መብረቅ ያበራል። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ቁርስ ላይ ናቸው፤ አንባቢ ምን እንዳመለጠው አያውቅም።

በወሩ ሂሳብ ላይ እነዚህን ቦታዎች ፈልጉ። ረቂቁን አገላብጡና ትረካው ወደ አየር ንብረት፣ ወደ ግጥም ወይም ወደ ምክር ያመለጠበትን ሁሉ በጎኑ «ሸሸሁ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ቁጥሩን በቀኙ ገጽ መዝግቡ። ከዚያ አንዱን መርጣችሁ ሁለት ጊዜ ጻፉት። የመጀመሪያውን ማንም ለማያነበው መሳቢያ፣ ሳትቆጥቡ። ሁለተኛውን ለአንባቢ፣ የፈለጋችሁትን ያህል በር ዘግታችሁ። በሩን መዝጋት ነውር የለውም። የሚያስጠላው ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ ጸሐፊው ራሱ ሳያውቅ የተዘጋ በር ነው።

በነገራችን ላይ ቁጥብነት የእኛ ጥንካሬ ሊሆን ይችላል። እጅ ማስታጠብ፣ ነጠላ ማቀበል፣ ሰው በተሰበሰበበት ገበታ ላይ የምትሰጥ ጉርሻ አለች። በትክክለኛው ሰዓት የመጣች አንዲት ጉርሻ ከሦስት ገጽ መሳሳም ትበልጣለች። ግን ጸሐፊው የተቆጠበው መርጦ ሲሆን ነው ይህ የሚሠራው።

ማገናኘቱ፦ ጥያቄና ውሳኔ

ሁለቱ ገጾች ከሞሉ በኋላ ጎን ለጎን አንብቧቸው። ከቀኙ ገጽ አንድ ጥያቄ አውጡ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «እንዴት ጥሩ ምልልስ ልጻፍ?» ጥያቄ አይደለም፤ ምኞት ነው። «ለምን አንባቢ አይወዳትም?» ትንሽ ይሻላል። በመጽሐፍ ውስጥ ሄዳችሁ መልሱን በጣት ልታሳዩት የምትችሉት ጥያቄ ነው የሚፈለገው።

አንድ ፈጠራ ምሳሌ ልስጥ። ደሴ ውስጥ ፋርማሲ የምትሠራ ሴትና ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር። 20 ምዕራፍ የታሰበ ልብ ወለድ ነው እንበል። የጥር ገጽ ይህን ይመስላል።

በግራ፦ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ፣ 280 ገጽ። ተገናኙ፣ ገጽ 9። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ»፣ ገጽ 64። ቤተሰብ አወቀ፣ 118። ፍቅር ተነገረ፣ 141። ጨለማው፣ 215። መጨረሻው በደስታ፣ ግን የተለጠፈ፤ አጎት ከአሜሪካ ገንዘብ ላከ።

በቀኝ፦ የመልቀሚያ ወር። ሁለት ትዕይንት ተጀመረ፣ አንዱ አለቀ። ምዕራፍ 5 ላይ ቆሜያለሁ። ምክንያት፣ እሱ መንገድ ላይ ነው፣ እሷ ባንኮኒ ጀርባ ናት፣ ምንም አይሆንም። «ሸሸሁ»፣ አንድ ቦታ።

ሁለቱን አስተያዩ። በተነበበው መጽሐፍ ፍቅር የተነገረው ልክ ግማሹ ላይ ነው። በረቂቁ ግን ሹፌሩ ምዕራፍ 4 ላይ ተናግሮ ጨርሷል፤ 20 በመቶ ላይ። ምዕራፍ 5 የተገተረው ለዚህ ነው። የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። ስለዚህ ውሳኔው ይህ ነው፦ ንግግሩ ወደ ምዕራፍ 10 ይሂድ፣ ምዕራፍ 4 ላይ ሊናገር ሲል ይቋረጥ።

የወሩ ጥያቄ ደግሞ፦ ሁለት ሰዎች ለሳምንታት ሳይተያዩ መሳሳቡ እንዴት ያድጋል? በየካቲት ይህን ይዞ የሚያነብ ሰው በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ የመለያየት ምዕራፎችን በተለየ ጥንቃቄ ያያል። ምናልባት አንድ ደራሲ በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው እንዳስገባ ያገኛል። ያኔ የሹፌሩ ረዳት ለራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲው ይመጣል፤ ስለ ሹፌሩ ያወራል፣ ግማሹን ይዋሻል። ምዕራፍ 5 ተገኘ።

ይህ ከሌላ ደራሲ መስረቅ አይደለም ወይ? አይደለም። የምትወስዱት ገጸ ባሕርይም ዐረፍተ ነገርም አይደለም። ነገሩ የተቀመጠበትን ቦታና የተፈታበትን ዘዴ ነው።

የጆሮ ገጽ

ከሁለቱ ገጾች ጀርባ የሚያልፍ ሦስተኛ ገጽ አለ፤ የሰማችሁትን የምትጽፉበት። ጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን አትዩ፤ እነሱ ካሜራ ላይ ናቸው። ከኋላ የተቀመጡትን 30 ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት ስሙ። «ብላ እንጂ» እና «ተይኝ ጠግቤያለሁ» ውስጥ ያለው ፍቅር ከማንኛውም መሐላ ይበልጣል። ማን ማንን «ሆዴ» ይላል? ማን በልጁ ስም ይጠራታል? ማን ስሟን ከነጭራሹ አይጠራም?

ይህ ገጽ አንድ በሽታ ይከላከላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ከመጣ ወዲህ የድራማ አማርኛ ወደ ልብ ወለድ ምልልስ ሰርጎ ገብቷል። ገጸ ባሕርያት በየደቂቃው ሙሉ ስም ይጠራራሉ፤ «አንተን ማጣት አልችልም» ይላሉ። ድራማው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እኔም አያለሁ። ግን ደሴ ያለች ፋርማሲስት እንዲህ አታወራም። በወሩ መጨረሻ ከረቂቃችሁ አንድ ምልልስ መርጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አፋችሁ እንቢ ካለ ከጆሮው ገጽ የሰማችሁትን አንድ አነጋገር ወስዳችሁ እንደገና ጻፉት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የጓደኛችሁን የትዳር ምስጢር እንዳለ አታውሱ። ከተማውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር መቀየር አይበቃም። ነገሩን እሷ ብታነበው «ይህ የእኔ ነው» የምትልበትን ዋናውን ክስተት ቀይሩ፤ ስሜቱን ብቻ ያዙ።

አንድ አንባቢ

በየወሩ አንድ ያለቀ ትዕይንት ለአንድ ሰው አስነብቡ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አሪፍ ነው» ይሏችኋል። ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ላይ ስልክሽን አነሳሽ? ማንን ጠላሽ? ቀጥሎ ምን ይሆናል ብለሽ ጠበቅሽ? መልሱን በቀኙ ገጽ ጥግ ላይ ጻፉ። አትከራከሩ።

መዝጊያው

ሂሳቡ የሚዘጋው በሦስት መስመር ነው፤ ከሁለቱም ገጽ ግርጌ። የሚቀጥለው ወር ጥያቄ። የሚፈታው አንድ መጽሐፍ። መጀመሪያ የሚጻፈው ትዕይንት። ከዚህ ያለፈ ዕቅድ አታውጡ። «በየቀኑ በሌሊት ተነስቼ እጽፋለሁ» የሚል መስመር ከሳምንት በላይ ሲኖር አላየሁም።

ባዶ ወርም ይመጣል። ልቅሶ ይኖራል፣ ፈተና ይኖራል፣ ልጅ ይታመማል። በዚያ ወር «ባዶ» ብላችሁ ጻፉና ምክንያቱን በአንድ መስመር አስቀምጡ። የባዶውን ወር ሥራ በሚቀጥለው ላይ አትደርቡ። ጥያቄው ግን ይሻገር፤ አልተመለሰምና።

ጳጉሜ

12ቱን ገጾች ዘርጉ። በመጀመሪያ ጥያቄዎቹን ብቻ በቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ አነጋገር የተመለሰ ጥያቄ ታገኛላችሁ። «ለምን ቀዘቀዘ?»፣ «ለምን ዝም ትላለች?»፣ «ለምን እሱ ብቻ ያወራል?» ሁሉም አንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ፦ ሴቷ የራሷ ፍላጎት የላትም፣ ሹፌሩን ከመጠበቅ በቀር። ይህ በአንድ ወር ገጽ ላይ አይታይም።

ሁለተኛ፣ «ሸሸሁ» የሚለውን ቁጥር ከመስከረም እስከ ነሐሴ ተከተሉ። እየቀነሰ ከሆነ ጥሩ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትዕይንት ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አባትና ልጅ ሲጋጩ፣ የሸሻችሁት ከመኝታ ቤቱ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የፈታችኋቸውን መጽሐፎች መጨረሻ ቁጠሩ። ስንቱ በሞት፣ ስንቱ በትዳር፣ ስንቱ በመለያየት አለቀ? ዓመቱን ሙሉ ሞት ስታነቡ ከርማችሁ በደስታ የሚያልቅ ታሪክ ለመጻፍ የምትታገሉ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት የንባብ ዝርዝር ከዚህ ይወጣል። ከሚፈቱት መጽሐፎች ቢያንስ ግማሾቹ እናንተ እንደምትፈልጉት የሚያልቁ ይሁኑ።

ይህን ሁሉ ጳጉሜ 3 ወይም 4 ላይ ጨርሱት። የመጨረሻው ቀን ለዶሮ ብልትና ለእንግዳ ነው። የመስከረምን ገጽ ከበዓሉ በኋላ ትከፍቱታላችሁ።